የተረሱ የገና ሸክላዎችን ከነእንግዶቻቸው ፈልጎ ማግኘት፦ ከካርቶን እስከ ጆሮ

የድሮ የአሜሪካ የገና ሸክላ (የሙዚቃ ዲስክ) ፍለጋ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ወይ ባዶ እጁን ነው፣ ወይ በየቤቱ ሞልቶ የተረፈ አልበም ይዞ። ከሁለቱም የሚብሰው ጥሩውን አግኝቶ፣ ቤቱ አድርሶ፣ በአልኮል አጥቦ የሚያበላሸው ነው። «ፈለግኩ አጣሁ»፣ «አገኘሁ ግን ይንኮሻኮሻል» የሚሉ ጥያቄዎች ስለበዙ ነገሩን ከሥሩ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መጀመሪያ እንግባባ። እዚህ እንግዳ የምለው ሸክላው በሌላ ሰው ወይም በድርጅት ስም ወጥቶ ውስጡ ብቅ ያለውን ታዋቂ ሰው ነው። በራሱ ስም አልበም ያወጣ ኮከብ እንግዳ አይደለም፣ የቤቱ ባለቤት ነው። ብዙ ፈላጊ የሚሳሳተው የፊት ሽፋኑን ብቻ ስለሚያይ ነው። እንግዳው ያለው ጀርባው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው።

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትፈልጉ ወስኑ

«የገና ሸክላ» ብላችሁ ብቻ ከወጣችሁ ካርቶን ስታገላብጡ ትውላላችሁ። ከእነዚህ አራት ዓይነቶች አንዱን ይዛችሁ ውጡ።

የጎማ ሻጮቹ ሸክላዎች። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ጉድይር የተባለው የጎማ ኩባንያ ከ1961 ጀምሮ በየዓመቱ የገና አልበም እያሳተመ በጎማ መሸጫዎቹ በ1 ዶላር ይሸጥ ነበር። የሚያሳትምለት የኮሎምቢያ ሬከርድስ ክፍል ስለነበረ የኮሎምቢያ ኮከቦች እንደ ልብ ገቡበት። ባርብራ ስትራይሳንድ፣ ማሃሊያ ጃክሰን፣ አንዲ ዊሊያምስ፣ ሊዮናርድ በርንስታይን ሁሉም በዚህ ተከታታይ ውስጥ አሉ። ፋየርስቶን በ1962 ተከተለ፤ ጁሊ አንድሩስን፣ ቪክ ዳሞንን፣ ጎርደን ማክሬን ይዞ። ጎማ ሊያስቀይር የመጣ ሰው ከነኦፔራ ዘፋኙ ሸክላ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። አሜሪካ!

የቴሌቪዥን ሰዎች ሸክላዎች። የ«ቦናንዛ» ድራማ ተዋንያን በ1963 በአርሲኤ ቪክተር ሙዚቃ ቤት የገና አልበም አውጥተዋል። ካውቦይ ሆነው የምታውቋቸው ሰዎች መዝሙር ይዘምሩበታል።

የአድናቂ ክለብ ሸክላዎች። ቢትልሶች ከ1963 እስከ 1969 በየገናው ለክለባቸው አባላት ስስ የፕላስቲክ ሸክላ ይልኩ ነበር። በ1968ቱ ላይ አሜሪካዊው ዘፋኝ ታይኒ ቲም በእንግድነት ገብቶ የእነሱኑ ዘፈን በዩኩሌሌ ይዘፍናል።

ገና ያልታወቀ እንግዳ ያለባቸው። በጣም የሚጣፍጠው ይህ ነው። በ1980 በአርኤስኦ ሙዚቃ ቤት የወጣው የስታር ዋርስ የገና አልበም ላይ አንዱን ዘፈን የሚዘፍነው ጆን ቦንጂዮቪ የሚባል ልጅ ነው። በኋላ ቦን ጆቪ ተብሎ ዓለም ያወቀው ራሱ ነው። ስሙን በኋለኛው አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው ሸክላውን በእጁ ይዞ ያልፈዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቢንግ ክሮዝቢንና የዴቪድ ቦዊን የገና ዱየት «የ1977 ኦሪጂናል ሸክላ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ተጠንቀቁ። በ1977 የተቀረጸው ለቴሌቪዥን ነው። ክሮዝቢ ፕሮግራሙ ሳይተላለፍ ሞተ። አርሲኤ በሸክላ ያወጣው በ1982 ነው።

ደረጃ 2፦ ጊዜና ቦታ ምረጡ

አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች ትሪፍት ስቶር (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ)፣ እስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ በሙሉ የሚሸጥበት ሽያጭ) እና የቤተ ክርስቲያን ባዛር ሂዱ። ከሁሉም የሚሻለው እስቴት ሴል ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ሸክላ ሳይበተን የሚገኘው እዚያ ነው። አንድ የጉድይር ሸክላ ካያችሁ ሌሎቹ ዓመታትም እዚያው አካባቢ ሊኖሩ ይችላሉ።

ጊዜውን በተመለከተ እኛ የማንጠቀምበት ዕድል አለን። ሱቆቹ የገና ዕቃ የሚያወጡት ከበዓላቸው በፊት ነው፤ ያኔ ፈላጊውም ይበዛል። ዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ግን የተረፈውን ዋጋ ቀንሰው ለማራገፍ ይቸኩላሉ። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ያሉት ሁለት ሳምንት የማይሞሉ ቀናት የእኛ ናቸው። ለእነሱ ገና አልፏል፣ ለእኛ ገና እየመጣ ነው።

መደርደሪያው ላይ ካጣችሁ ሠራተኛውን ጠይቁ። የገና ሸክላ ብዙ ጊዜ ከሸክላዎቹ ጋር ሳይሆን ከገና ጌጣጌጥ ጋር በካርቶን ይቀመጣል።

አዲስ አበባ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ሆናችሁ በኦንላይን የምትገዙ ከሆነ ከሸክላው ዋጋ በፊት የመላኪያውን ዋጋ አስሉ። የ3 ዶላር ሸክላ በ30 ዶላር ማስመጣት ጤና አይደለም።

ደረጃ 3፦ ሳትከፍሉ እዚያው ቆማችሁ ፈትሹ

ቅደም ተከተሉን አትለውጡ።

1. ጀርባውን ገልብጡና ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ከላይ ያለው ማስታወቂያ ነው፤ ቁም ነገሩ ከታች ነው። «ዊዝ»፣ «ፊቸሪንግ»፣ «ስፔሻል ጌስት» የሚሉ ቃላት ፈልጉ። ከሁሉም የሚጠቅመው «ከርቲሲ ኦፍ» ብሎ የሌላ ሙዚቃ ቤት ስም የሚጠራው መስመር ነው። ያ መስመር ካለ አንድ ሰው ከራሱ ሙዚቃ ቤት በውሰት መጥቷል ማለት ነው። እንግዳችሁ እሱ ነው።

2. የኮከቡን ስም ዙሪያ አንብቡ። ርካሽ ሙዚቃ ቤቶች የታወቀ ሰው ስም በትልቁ ጽፈው ከላዩ በደቃቁ «ዝነኛ ያደረጋቸው ዘፈኖች» የሚል ይጨምሩ ነበር። ዘፋኙ ሌላ ሰው ነው። ሕጉን አልጣሱም፤ እናንተን ግን ሸውደዋችኋል።

3. ሸክላውን ከሽፋኑ አውጡ። የሌብሉ (መሃሉ ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት) ጽሑፍ ከሽፋኑ ጋር መግጠሙን እዩ። ገናን ያከበረ ቤት ሸክላ ሲቀያይር ነው ያመሸው፤ በማግስቱ ማን በየሽፋኑ ይመልሳል? የአንዱ ሽፋን ውስጥ የሌላው ሸክላ መገኘቱ የተለመደ ነው።

4. የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ሸክላውን አዘንብሉት። ብርሃኑ ሲንሸራተት የሚታይ ቀጭን ጭረት ብዙ አያስጨንቅም። በጥፍራችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት የሚያደናቅፍ ከሆነ ግን በየዙሩ «ጧ» ይላል። ጥቁሩ ሸክላ ግራጫ መስሎ ከደበዘዘ በከባድ መርፌ ተበልቷል ማለት ነው። ይህን ማጠብ አይመልሰውም። መልሱት።

5. በዓይናችሁ ትክክል አግድም ያዙትና እዩት። ትንሽ ሞገድ ችግር የለውም። እንደ እንጀራ ጠርዝ ከተነሳ ተዉት።

6. ሌብሉንና ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ዲስኮግስ በተባለው የሸክላ መረጃ ድረ ገጽ ላይ በዚያ ቁጥር ስትፈልጉ የትኛው እትም እንደያዛችሁ ታውቃላችሁ። በአርእስት ብትፈልጉ «ሜሪ ክሪስማስ» የሚል ሺህ ነገር ይመጣባችኋል።

ማውጣት ቢከለክሏችሁስ? ሽፋኑን ብቻ እንደምትገዙ ቆጥራችሁ ዋጋ ስጡ፣ ወይም ሂዱ።

ስለ ዋጋ አስተያየቴን ልስጥ። የጉድይርና የፋየርስቶን ሸክላዎች በገፍ የታተሙ ናቸው። እኔ ከ5 ዶላር በላይ አልከፍልም። የቢትልሶች ነገር ሌላ ነው። በተለይ ሰባቱን ቅጂዎች ሰብስቦ በ1970 የወጣው አልበም የውሸት ቅጂው የበዛ ነው። ማስረጃ የሌለውን በውድ አትግዙ። ድምፁን ብቻ ከፈለጋችሁ በ2017 በሕጋዊ መንገድ እንደገና ታትሟል።

ደረጃ 4፦ የያዛችሁት ከምን እንደተሠራ ለዩ

ይህን የዘለለ ሰው ነው በሚቀጥለው ደረጃ የሚያለቅሰው።

ከባድ፣ ወፈር ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ኢንች፣ በደቂቃ 78 ዙር የሚል ከሆነ ሼላክ ነው። ከወደቀ ይሰበራል። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ተሠርቷል። የድሮ የራዲዮና የፊልም ተዋንያን የገና ታሪክ ሲያነቡ የምትሰሙት በዚህ ላይ ነው።

12 ኢንች ሆኖ 33 ዙር የሚለው ቪኒል ነው። ይህ ከ1948 ወዲህ የመጣ ነው።

7 ኢንቹና 45 ዙሩ ቪኒል ወይም ስታይሪን ሊሆን ይችላል። ስታይሪኑ ደረቅ ነው፤ በጣት ቀለል አድርጋችሁ ስትመቱት ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል።

እንደ ወረቀት የሚተጣጠፈው ፍሌክሲ ነው።

ደረጃ 5፦ እጠቡ

ዋናው ሕግ፦ ሼላክን አልኮል አታስነኩት። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። ለቪኒል ተብሎ የሚሸጥ ማጽጃም አልኮል ሊኖርበት ስለሚችል ጠርሙሱን አንብቡ። ስታይሪንንም ከአልኮል አርቁት።

ለቪኒል የሚያስፈልገው፦ አንድ ሊትር ዲስትልድ ውሃ፣ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና 2 ወይም 3 ጠብታ፣ ሁለት ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የሰሃን ማንጠፍጠፊያና አዲስ የውስጥ ከረጢት። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ነገር መስመሮቹ ውስጥ ገብቶ ይንኮሻኮሻል።

1. እጃችሁን ታጠቡ። ሸክላውን በጠርዙና በሌብሉ ብቻ ያዙ።

2. ደረቅ አቧራውን በሸክላ ብሩሽ አንሱ። አቧራ ላይ ውሃ ካፈሰሳችሁ ጭቃ አቡክታችሁ መስመሩ ውስጥ ትለስኑታላችሁ።

3. ጨርቁን በሳሙናው ውሃ ንከሩና ጭመቁት። መንጠባጠብ የለበትም።

4. መስመሮቹን ተከትላችሁ በዙሪያው አጽዱ። ከመሃል ወደ ጠርዝ አቋርጣችሁ አትሹ። አትጫኑም። ሌብሉ ከመድረሱ በፊት ባለው ባዶ ቀለበት ላይ አቁሙ።

5. በሁለተኛው ጨርቅና ሳሙና በሌለበት ዲስትልድ ውሃ ድገሙት። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ከዚያ መርፌው ላይ ነጭ ነገር ተሰበሰበ ብሎ ይደነግጣል። የራሱ ሳሙና ነው።

6. ማንጠፍጠፊያው ላይ አቁሙት። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትንኩት። የፀጉር ማድረቂያ ያነሳ ሰው ሸክላውን አጣሟል።

7. ወደ አሮጌው የውስጥ ወረቀት አትመልሱት። የ60 ዓመት አቧራ እዚያ ነው ያለው። ወረቀቱ ጽሑፍ ካለበት ለብቻው አስቀምጡ።

ሼላክ ከሆነ በዚያው የሳሙና ውሃ በቶሎ ጥረጉ፣ ወዲያው አድርቁ። ጠርዙ ተሰንጥቆ ከውስጥ ካርቶን የሚታይ ከሆነ ውሃ በፍጹም አታስነኩ። ፍሌክሲን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ።

ሌብሉ ከረጠበ አትሹት፤ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን ምጠጡ። ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ውጭ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ አራግፉ። ሽፋኑ ከሻገተ ፎቶ አንሱትና ከሌሎቹ ለዩት።

ደረጃ 6፦ ማጫወቻውን አስተካክሉ

መርፌው። የቪኒል መርፌ ጫፍ ከ18 እስከ 25 ማይክሮን ነው። ለሼላክ የሚያስፈልገው 76 ማይክሮን ገደማ ነው። ቀጭኑን መርፌ ሰፊው መስመር ውስጥ ብታስገቡት ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ጫጫታውን ያነባል። በአንዳንድ ማጫወቻዎች ካርትሪጁን (መርፌው የሚሰካበትን ትንሽ ክፍል) ሳይነኩ መርፌውን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ክብደቱ። ለተለመደ ካርትሪጅ 2 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ከካርትሪጁ ጋር የመጣውን ወረቀት ተከተሉ። ርካሽ የሻንጣ ማጫወቻዎች ውስጥ ከ5 ግራም በላይ የሚጫኑ አሉ። ለብርቅ ሸክላ አይሆኑም።

መብራቱ። ከአሜሪካ ማጫወቻ ይዛችሁ አገር ቤት የምትገቡ እዚህ ጋ ቁሙ። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ሞተሩ በቀጥታ በኤሲ የሚሠራ የድሮ ዓይነት ከሆነ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል። ጁሊ አንድሩስ ጎርናና ወንድ ትሆናለች። ከመግዛታችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እዩ። በአዳፕተር ወደ ዲሲ ቀይሮ የሚሠራ ከሆነ ትክክለኛውን አዳፕተር ማግኘት ብቻ ነው።

ፍሌክሲ። ሌላ ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ አንጥፉት። ከተንሸራተተ ሌብሉ አካባቢ ሳንቲም አስቀምጡበት።

ሲበላሽ፦

መርፌው ከዘለለ፣ ማጫወቻው ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጡን፣ ከዚያ ክብደቱን፣ ከዚያ ቆሻሻውን በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። ክንዱ ላይ ሳንቲም አትለጥፉ።

ድምፁ ከታፈነ፣ መርፌው ላይ ሱፍ ተጠምጥሟል። ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጉት።

«እምምም» የሚል ድምፅ ካለ፣ የግራውንድ ሽቦው አልታሰረም።

ድምፁ በጣም ካነሰና ከቀጠነ፣ ፎኖ ፕሪአምፕ (ደካማውን የማጫወቻ ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ) የለም።

የግራና የቀኙ ድምፅ እኩል ካልሆነ፣ ሸክላው ሞኖ መሆኑን እዩ። ሞኖ ከሆነ ሁለቱም ጎን እኩል መምጣት አለበት፤ ካልመጣ ጥፋቱ የማጫወቻው ነው።

ደረጃ 7፦ ቅዱት

ሸክላውን ደጋግማችሁ ከማስመረራችሁ በፊት አንዴ በደንብ ኮምፒውተር ላይ ቅዱ። ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃል።

1. 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጉ። ኮምፒውተራችሁ ከተንገዳገደ 48 ይሁን።

2. የሸክላውን ከፍተኛ ድምፅ ያለበትን ቦታ አጫውታችሁ መለኪያው ከ−6 ዴሲቤል በታች እንዲቆይ አስተካክሉ። የገና መዘምራን መጨረሻ ላይ ይጮኻሉ፤ በመጀመሪያው ለስላሳ ዘፈን አትለኩ።

3. ጎኑን ሙሉ ሳታቋርጡ ቅዱ። ዘፈን በዘፈን መቁረጥ በኋላ ነው።

4. ምንም ሳትነኩ በዋቭ አስቀምጡ። ይህ ኦሪጂናላችሁ ነው።

5. ኮፒ አድርጉና የ«ጧ» ድምፁን ከኮፒው ላይ ቀንሱ። የጫጫታ ማጥፊያውን አታብዙት። ከበዛ ዘፋኙ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ይመስላል።

6. ፋይሉን በሙዚቃ ቤት፣ በቁጥርና በጎን ሰይሙት። «ገና አዲስ 2 የመጨረሻ» የሚል ፋይል ከዓመት በኋላ ማንም አያውቀውም። የሽፋኑን፣ የጀርባውንና የሌብሉን ፎቶ እዚያው አስገቡ።

ደረጃ 8፦ እንግዳው እውነት እንግዳ ነው?

አሁን ነው ምን እንዳገኛችሁ የምታውቁት። የጎማ ሻጮቹ ሸክላዎች ላይ ያሉ ብዙ ዘፈኖች ከኮከቦቹ ሌሎች አልበሞች የተወሰዱ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ለዚያው ሸክላ ተብለው የተቀረጹ ናቸው። የምትፈልጉት እነሱን ነው።

ዲስኮግስ ላይ በዘፋኙ ስም ገብታችሁ ዘፈኑ ሌላ አልበም ላይ መኖሩን እዩ። ካለ አርእስቱን ብቻ አትመኑ፤ የደቂቃውን ርዝመት አወዳድሩ፣ ከዚያ ሁለቱን አድምጡ። መግቢያው፣ ኦርኬስትራው፣ መዘምራኑ ከተለያየ ሌላ ቅጂ ነው። ለ78 ዙሮቹ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ታሪካዊ ቅጂዎች ዝርዝር ማን መቼ የት እንደቀረጸ ያወጣላችኋል።

በሁለት ስም የወጣ አንድ ሸክላ እንዳይሸውዳችሁ። ጁሊ አንድሩስ ከአንድሬ ፕሬቪን ጋር ለፋየርስቶን በ1966 የሠራችው አምስተኛው ቅጽ በ1967 በአርሲኤ ቪክተር በሌላ አርእስት ወጥቷል። ሁለቱን ገዝቶ «ሁለት አልበም አለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም።

ዩቲዩብ ላይ ልጭነው የምትሉ ቆም በሉ። በአሜሪካ ሕግ ከ1957 እስከ ፌብሩዋሪ 1972 መጀመሪያ አጋማሽ የወጡ የድምፅ ቅጂዎች እስከ 2067 የተጠበቁ ናቸው። መዝሙሩ የሁሉም ቢሆንም ቅጂው ባለቤት አለው።

ደረጃ 9፦ አስቀምጡ ወይም አጓጉዙ

አቁማችሁ ደርድሩ እንጂ አትከምሩ። ከማሞቂያና ከመስኮት አርቁ። በበጋ መኪና ውስጥ ትታችሁት አትግቡ፤ ዕቃ ገዝታችሁ እስክትመለሱ ሊጣመም ይችላል።

ወደ አገር ቤት የምትወስዱ ከሆነ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጡና በውስጥ ከረጢቱ እንዳለ ከሽፋኑ ኋላ አድርጉት። ሽፋኑ ውስጥ ከተዋችሁት ሻንጣው ሲወረወር ስፌቱን ቀዶ ይወጣል። ከፊትና ከኋላ ጠንካራ ካርቶን አድርጉና በፕላስቲክ ጠቅልሉ። ሼላክ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ በእጃችሁ ያዙት። ኤርፖርት «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋችሁ ለማሳየት እንዲመች ካርቶኑን በፕላስተር አትፈኑት፣ በክር እሰሩት።